ወተት ሆዴን ለምን ይነፋኛል? ስለ ላክቶስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ነው የምኖረው፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ምግብ መፈጨት በምናነሳበት ሳምንት አንድ እጅ መውጣቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ እኔ ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ይጮሃል፣ ምንድን ነው?» ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ሌላ እጅ ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ። ቡና ላይ ደግሞ ጎረቤቶቼ ያንኑ ይጠይቁኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የሚያሳፍር ነገር ስለሚመስል ሰው በየቤቱ ብቻውን ይሰቃያል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የሚጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። አንጀት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ወተት ስጠጣ ሆዴ ውስጥ የሚሆነው በትክክል ምንድን ነው?

ወተት ውስጥ ስኳር አለ። እኛ የምንጨምረው አይደለም፣ ከላሟ ጡት አብሮ የሚመጣ ነው። ስሙ ላክቶስ ይባላል። ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተያይዘው ነው ላክቶስ የሚሆነው። ክፍል ውስጥ ሁሌ የማነሳው ምሳሌ ጥማድ በሬ ነው። ሁለት በሬ ቀንበር እንደተሸከሙ በጠባብ የበረት በር አይገቡም። መጀመሪያ ቀንበሩ ይፈታል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይገባሉ። አንጀትም እንዲሁ ነው። ግድግዳው ስኳርን የሚያሳልፈው ነጠላ ነጠላ ሆኖ ሲመጣለት ብቻ ነው።

ቀንበሩን የሚፈታው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። (ስማቸው ስለሚመሳሰል ተማሪዎቼ ያምታቱታል፤ ላክቶስ ስኳሩ፣ ላክቴዝ ፈቺው።) ላክቴዝ ያለው ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። የዚህን አንጀት የውስጥ ግድግዳ በማጉያ መነፅር ብታዩት ልሙጥ አይደለም፤ ከበግ ፀጉር እንደተሠራ ምንጣፍ ጭገር ጭገር ያለ ነው። ላክቴዝ የሚቀመጠው እነዚያን ጭገሮች በሸፈኑት ሴሎች ላይ ነው፣ በተለይ ወደ ጫፍ ጫፉ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለቱ ስኳሮች ከተፈቱ በኋላ በአንድ በር ይገባሉ። በሩ ስኳሩን ብቻውን አይቀበልም፣ ሶዲየም አብሮት መምጣት አለበት፤ ሶዲየም ማለት ያው ከገበታ ጨው የምናገኘው ነው። ስኳርና ጨው ሲገቡ ውሃም ይከተላቸዋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ ስኳርም ጨውም ያለበት ለዚህ ነው፤ ያንኑ በር ተጠቅሞ ውሃን ወደ ሰውነት ለማስገባት ነው። ከዚያ ስኳሩ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ጋላክቶሱን ወደ ግሉኮስ ይቀይረዋል፣ ጉልበት ይሆናል።

አሁን ላክቴዙ አነስተኛ ነው እንበል። ጥማዱ እንደተጠመደ በሩን ያልፈዋል፣ ቁልቁል ይሄዳል። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ውሃ ነው፤ ያልተፈጨ ስኳር ውሃ ይስባል፣ ስለዚህ አንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበዛል። ሁለተኛው ትልቁ አንጀት ጋ ሲደርስ ነው። እዚያ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ። ስኳሩን ሲያገኙ ያብላሉታል፣ ልክ ሊጥ ሲቦካ አረፋ እንደሚያወጣው። ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ሚቴን ይወጣል። ሆድ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ይቆርጣል፣ ጋዝ ይበዛል፣ ሲብስ ያስቀምጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከጠጣችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ የሚዘገይበትም አለ።

ታዲያ ያ ስኳር ዝም ብሎ ይባክናል?

ሙሉ በሙሉ አይባክንም። ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉት ጋዝ ብቻ ሳይሆን አሲዶችም ያወጣሉ። ትልቁ አንጀት ከእነዚህ አሲዶች የተወሰነውን መጥጦ ለጉልበት ይጠቀምበታል። በስኳር መልክ ያልገባው በአሲድ መልክ ይገባል ማለት ነው፣ ሁሉም ባይሆን። በሰገራ የሚወጣው የተረፈው ነው። አንድ ሰው ላክቴዝ አንሶት እንኳ ምንም ሳይሰማው የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ትልቁ አንጀቱ የመጣለትን ያስተናግደዋል። ላክቶስን አለመፍጨት አንድ ነገር ነው፣ መታመም ሌላ። ሁለቱ ሁሌ አብረው አይሄዱም።

ስኳር ነው ካልሽ፣ የስኳር በሽታ አለብኝ ማለት ነው?

አብሽሩ፣ አይደለም። የስኳር በሽታ ስኳር ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመጣ ችግር ነው። ይሄኛው ስኳሩ ደም ውስጥ ሳይገባ አንጀት ላይ መቅረቱ ነው። እንዲያውም ላክቶስ የማይፈጭለት ሰው ወተት ጠጥቶ የደም ስኳሩ ቢለካ የሚጠበቀውን ያህል ከፍ አይልም። አንዱ የምርመራ ዘዴ በዚህ ላይ ነው የተመሠረተው፤ ታች እነግራችኋለሁ።

የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ወተት ጠጥቻለሁ፣ ስኳሬ ይጨምራል ብሎ ሲጠብቅ ላይጨምር ይችላል።

ሻይ ላይ የምጨምረው ስኳርስ? ማርስ?

አይነካቸውም። የሻይ ስኳርም ጥማድ ነው፣ ግን የግሉኮስና የፍሩክቶስ ጥማድ ነው፤ የራሱ ፈቺ ኢንዛይም አለው። ላክቴዝ ስላነሰ ያኛው አያንስም። ማር ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ አብዛኛው ቀድሞ የተፈታ ነው። ስለዚህ «ላክቶስ አይስማማኝም» ብላችሁ ጣፋጭ ሁሉ አትተዉ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ውስጥ የሰው ልጅ በሙሉ ፈቺ የሌለው ስኳር አለ። ሽሮ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ወተቱን ብቻ ሊከስስ አይገባም። ምሳ ላይ ሽሮ፣ መክሰስ ላይ ማኪያቶ ከሆነ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ለየብቻ ሞክሩት።

ልጅ ሆኜ ወተት እንደ ውሃ ነበር የምጠጣው። አሁን ምን ነካኝ?

ምንም አልነካችሁም። ሕፃን ሲወለድ ላክቴዙ ሙሉ ነው፣ ምክንያቱም ምግቡ ወተት ብቻ ነው። ጡት ከጣለ በኋላ በብዙ ሰው ላይ ላክቴዝ እየቀነሰ ይሄዳል። በሌሎች አጥቢ እንስሳትም እንዲሁ ነው፤ ጥጃ እንኳ ካደገ በኋላ ሣር ነው የሚበላው። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ካደገ በኋላ ላክቴዙ የቀነሰ ነው። ብዙኃኑ እናንተ ናችሁ። በሽታ ይሉታል ሰዎች፣ እኔ በሽታ ማለቱ ይከብደኛል።

እንግዳው ነገር አድጎም ላክቴዙ የማይቀንስ ሰው መኖሩ ነው። ይሄ በዘር የሚተላለፍ ነው፣ ከብት ከሚያረቡ ሕዝቦች ታሪክ ጋርም የተያያዘ ነው። ወተት መጠጣት ሕይወት ያቆይ በነበረበት ቦታ፣ ላክቴዛቸው የማይቀንስ ሰዎች ብዙ ልጅ አፈሩ፣ ልጆቻቸውም ወረሱት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ይህን የሚያደርጉት የዘረመል ለውጦች አውሮፓ ካለው የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። አገራችን ላይ በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሳይሆን በርካታ ዓይነት ለውጦች ጎን ለጎን እንዳሉ አግኝተዋል። ይሄ ሁሌ ይደንቀኛል። ከደሴ ተነስታችሁ በኮምቦልቻ አድርጋችሁ ባቲ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ አፋር ስትወርዱ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ከገብስ አገር ወደ ግመል አገር ትገባላችሁ። ወተት ቀለቡ የሆነ ሰውና ወተት ለበዓል የሚያገኝ ሰው አንድ ገበያ ላይ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ይገናኛሉ። የሆዳቸው ታሪክ ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

እዚያው አንድ ቤት ውስጥም ይለያያል። ወንድማችሁ ሊትር ጠጥቶ ደህና ቢሆን፣ እናንተ በአንድ ብርጭቆ ብትታመሙ አትገረሙ።

ጃርዲያ ነው ተብዬ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ግን እየተመላለሰ አስቸገረኝ። ላክቶስ ሊሆን ይችላል?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የማውቀው። እኔ ራሴ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የጃርዲያ መድኃኒት ወስጃለሁ። አንድ ክሊኒክ ነበር፤ ሆዴን እንደነፋኝና እንደሚቆርጠኝ ስናገር ሰገራዬ ሳይመረመር ወረቀት ተጻፈልኝ። መድኃኒቱ አፌን ብረት ብረት እያስባለኝ ጨረስኩት። ለሳምንት ደህና እሆናለሁ፣ ከዚያ ያው። በመጨረሻ ያስተዋልኩት ነገር ቀላል ነበር። መድኃኒቱን በምወስድበት ሳምንት ሆዴ እንዲያርፍ ብዬ ወተት አቆም ነበር። ስጨርስ ጠዋት ጠዋት ወተቴን እመለስበታለሁ። ያሻለኝ ክኒኑ ሳይሆን ወተት ማቆሜ ነበር። ያን ሁሉ ክኒን በከንቱ መዋጤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ግን ተቃራኒውም እውነት ነው፣ ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው። ጃርዲያ ራሱ የላክቴዝ እጥረት ያመጣል። ላክቴዝ በጭገሮቹ ጫፍ አካባቢ ነው ያልኳችሁን አስታውሱ። ጃርዲያም ሆነ ከባድ ተቅማጥ እነዚያን ጫፎች ይጎዳቸዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ፈቺ ላክቴዝ ነው። ስለዚህ ጃርዲያው በሕክምና ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ፣ ወተት አልስማማ ሊል ይችላል። የአንጀት ሴሎች በጥቂት ቀን ነው የሚታደሱት፣ የተጎዳው ግድግዳ እንደነበረ እስኪሆን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ይህኛው ዓይነት ያልፋል። በዘር የመጣው አያልፍም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ሰገራችሁ ሳይመረመር የጃርዲያ መድኃኒት አትጀምሩ። «ምርመራ ይታዘዝልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

እርጎስ? አይብስ? ቅቤስ?

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ ነው።

አያቴ ወረኢሉ ነበር የምትኖረው። ቅሉን በወይራ ጢስ ታጥነውና የማታውን ወተት ትጨምርበታለች። በማግስቱ ሌላ ትጨምርበታለች። ደጋ ስለሆነ እስኪረጋ ቀናት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅሉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቶሱን ወደ ላክቲክ አሲድ እየቀየሩት ነው፤ የእርጎ ኮምጣጣነት ማለት ይሄ ነው፣ የተበላ ስኳር ጣዕም። ሁሉንም ግን አይጨርሱትም። የቀረውን የሚያቃልለው ሌላ ነገር ነው፦ እርጎው ውስጥ ያሉት ሕያው ባክቴሪያዎች የራሳቸውን ፈቺ ኢንዛይም ይዘው ትንሹ አንጀታችን ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያም ሥራውን ይረዱናል። እርጎ ወፍራም ስለሆነ ከጨጓራ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ይሄም ያግዛል። ለዚህ ነው ወተት የማይችል ብዙ ሰው እርጎ የሚችለው። እርጎን ካፈላችሁት ግን ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፣ ግማሹ ጥቅም ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ አያቴ ቅሉን ይዛ መናጥ ትጀምራለች፣ ወደፊት ወደኋላ፣ ድምፁ እስኪለወጥ። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ዥው ዥው ይላል፣ ቅቤው ሲሰበሰብ ድምፁ ይከብዳል። ቅቤው ስብ ነው፤ ላክቶስ የሚሟሟው ውሃው ውስጥ ስለሆነ ቅቤ ላይ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው። ሲነጠር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ገንፎ በቅቤ በልታችሁ ሆዳችሁ ቢታወክ ላክቶሱ አይደለም፣ ምናልባት ስቡ በዝቶባችሁ ይሆናል።

የቀረውን አሬራ እሳት ላይ ታደርገዋለች፣ በዝግታ። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ከስር ቢጫ አረንጓዴ የሚመስል ውሃ ይለያል። ነጩ አይብ ነው፣ ውሃው አጓት። የተረፈው ላክቶስ በብዛት የሚሄደው ከአጓቱ ጋር ነው። አይቡ በደንብ ከተጠነፈፈ የሚይዘው ጥቂት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አጓቱን በጣሳ እየቀዳሁ እጠጣው ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሆዴን ይዤ እቀመጥ ነበር። ማንም ሁለቱን አላገናኛቸውም። ዛሬ ቢሆን ለልጁ አይቡን ስጡት፣ አጓቱን ለጥጃው ተዉለት ባልኩ ነበር።

የግመል ወተት ላክቶስ የለውም ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ከባቲም ከከሚሴም በኩል ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው። የግመል ወተት ላክቶስ አለው፣ መጠኑም ከላም ወተት ብዙም አይርቅም። የፍየልም ትንሽ ብቻ ነው የሚያንሰው። የረጋ የግመል ወተት ከሆነ እንደ እርጎው የተወሰነው ይቀንሳል።

ባፈላው፣ ውሃ ባበዛበት ወይም ዝንጅብል ብጨምርበትስ?

ማፍላት ላክቶስን አያጠፋም። ውሃ መጨመር ስኳሩን ያሳሳዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ አንድ ብርጭቆ ወተት በሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣችሁት ያው አንድ ብርጭቆ ወተት ነው። ዝንጅብል ለጣዕሙ ደስ ይላል፣ ቀንበር ግን አይፈታም።

ማፍላቱን ግን እንዳትተዉት። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን ጀርምና የሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ጥሬ ወተት ጠጥታችሁ ትኩሳትና ተቅማጥ ከመጣ ያ ላክቶስ አይደለም፣ ጀርም ነው፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ምን ያህል ብጠጣ ነው ችግር የሚያመጣብኝ?

የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። ሞላ ያለ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ 12 ግራም አካባቢ ይሆናል። ላክቶስ የማይፈጭላቸው ብዙ ሰዎች 12 ግራምን በአንድ ጊዜ ቢወስዱ ወይ ምንም አይሰማቸውም ወይ ቀለል ያለ ነገር ነው የሚሰማቸው፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ። «እኔ አንድ ጠብታ አልችልም» ይላሉ። እንዲያ የሚሆን ሰው አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሚዛናችሁን ራሳችሁ ፈልጉት። ባዶ ሆድ አትጠጡ። ጠዋት ከእንጀራ ፍርፍሩ ወይም ከቂጣው ጋር ይሁን፣ ምግቡ ወተቱን ጨጓራ ውስጥ ያቆየዋል፣ ስኳሩም ጥቂት በጥቂት ይወርዳል፤ ያለችው ትንሽ ላክቴዝም ትደርስበታለች። አንድ ትልቅ ብርጭቆ በአንዴ ከመጠጣት ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ ይሻላል። ፒያሳ ላይ የምትጠጡት ማኪያቶ ወተቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይችለዋል። ሦስቱን ተከታትላችሁ ከጠጣችሁ ግን ሒሳቡ ይደመራል። የዱቄት ወተትንም አትርሱ፤ ውሃው ወጣ እንጂ ላክቶሱ እንዳለ ነው።

ሁዳዴ ተፈትቶ ፋሲካ ላይ ሆዴ የሚታወከው ለምንድን ነው? አፍጥር ላይ ወተት ስጠጣስ?

ቤታችን እንደ ብዙ የወሎ ቤት ሁለቱም ጾም አለበት፣ እናም ሁለቱንም እያየሁ ነው ያደግኩት። ነገሩ ግን አንድ አይደለም።

ላክቴዝ ወተት ስለጠጣችሁ አይጨምርም፣ ስለተዋችሁም አይቀንስም። የሚለምዱት ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላክቶስ ካገኙ፣ ብዙ ጋዝ ሳያወጡ የሚጠቀሙበት ዓይነቶች ይበዛሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በ55 ቀን ያ ልምድ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ሌሊት ላይ ወተቱ፣ ቅቤው፣ ዶሮው ባንዴ ይመጣል። ስቡም የራሱ ድርሻ አለው፣ ሁሉንም ላክቶስ ላይ አንለጥፈው። የፋሲካን ጠዋት በእርጎ ጀምሩ፣ ወተቱን በሳምንቱ ውስጥ ጥቂት በጥቂት መልሱት።

ረመዳን ላይ ወተት ማታ ማታ ስለሚገኝ ልምዱ አይቋረጥም። ችግሩ ባዶ ሆድ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት በጥማት ስሜት ጭልጥ ሲደረግ በፍጥነት ወደ አንጀት ይወርዳል። ተምሩንና ውሃውን አስቀድሙ፣ ሾርባው ይከተል፣ ወተቱ ከምግብ በኋላ ይሁን።

ሕፃኑ ልጄ ያስቀምጠዋል። ጡቴ ላክቶስ ስላለው ይሆን? ላቁም?

አታቁሚ እህቴ። ይህን ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ነው። የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው፣ ከላም ይበልጣል፤ የሕፃን አንጀትም ለዚያ ተዘጋጅቶ ነው የሚወለደው። ሲወለድ ጀምሮ ላክቴዝ የሌለው ሕፃን በጣም በጣም ብርቅ ነው። ተቅማጥ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጀርም ነው። ጡቱ ይቀጥል፣ ኦ.አር.ኤስ ይሰጠው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከፈዘዘ ወይም መጥባት ካቃተው ነገ አትበይ፣ አሁኑኑ ሂጂ።

ምርመራ አለው?

አለው። አንዱ በትንፋሽ ነው፤ ላክቶስ ጠጥታችሁ በየተወሰነ ጊዜ ትንፋሻችሁ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ይለካል። ባክቴሪያ ያወጣው ሃይድሮጅን ከትልቁ አንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ ስለሚሄድ ነው። ሌላው የደም ስኳር ነው፤ ላክቶስ ጠጥታችሁ የደም ስኳራችሁ በዴሲ ሊትር ቢያንስ 20 ሚሊ ግራም ካልጨመረ ስኳሩ አልገባም ማለት ነው።

የትንፋሹ መሣሪያ በየከተማው የሚገኝ አይደለም። ያለ መሣሪያ የሚሠራው ዘዴ ይሄ ነው፦ ሁለት ሳምንት ወተትና ወተት ያለበትን ሁሉ ተዉ፣ ብስኩቱንም ጨምሮ። የሚሰማችሁን በደብተር ጻፉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሌላ አዲስ ነገር ሳትበሉ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጡና ተከታተሉ። ሲተዉት የሚሻል፣ ሲመለሱበት የሚመለስ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

የወተት አለርጂ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። አለርጂ ሰውነት የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲያየው ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። እዚያ ላይ «ጥቂት በጥቂት» የሚባል ነገር የለም።

ወተት ከተውኩ አጥንቴ አይጎዳም?

ወተት ብትተዉ እንኳ እርጎና አይብ ካልሲየም አላቸው። ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች በካልሲየም የተሻለ ነው፣ ጎመንም አለ። ሁሉን ነገር ባንዴ ካልተዋችሁ ብዙ አትጨነቁ።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ከሆነ፣ ወይም ወተት ትታችሁም ካልተሻላችሁ። ላክቶስ ብቻውን ደም አያመጣም፣ አያከሳም።

ባህር ማዶ ላክቶስ የሌለው ወተት አለ ይባላል። ምንድን ነው?

ያው ወተት ነው፤ ፋብሪካው ላክቴዝ ጨምሮበት ቀንበሩን ቀድሞ ፈትቶታል። ለዚህም ነው ጣፈጥ የሚለው፤ የተፈቱት ስኳሮች ከላክቶስ ይልቅ ይጣፍጣሉ። ላክቴዙ በክኒንም ይሸጣል፣ ከወተቱ ጋር የሚዋጥ።

ገጠር እንግዳ ሆኜ ስሄድ ወተት ይቀርብልኛል። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ብጠጣ ደግሞ መንገድ ላይ እቸገራለሁ። ምን ላድርግ?

ይህ ለእኛ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለእንግዳ ያለውን የሚያቀርብ ሰው ፊት ዋንጫ መመለስ ይከብዳል። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ምግብ እስኪቀርብ ዋንጫዋን እይዛታለሁ፤ ከእንጀራው ጋር እየተጎነጨሁ ግማሽ ድረስ እጠጣለሁ፣ የቀረውን አጠገቤ ላለ ልጅ አቀብላለሁ። ሌላው ደግሞ እውነቱን መናገር ነው። «እማማ፣ ወተት ሆዴን ይነፋኛል፣ እርጎ ካለዎት ግን አልጠግብም» ስል እስካሁን የተቀየመኝ የለም። ባለፈው ወረኢሉ መንገድ ላይ አንዲት እናት ይህን ሰምተው ሳቁና «እኔም እንዳንቺ ነኝ ልጄ፣ ስድሳ ዓመቴ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» ብለው ሁለት ሲኒ እርጎ ይዘው መጡ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለራሳቸው።